ድንኳኑ ከመተከሉ በፊት

ልጆቼ፣

ሰው ሲያርፍ ሰፈራችን ምን እንደሚያደርግ ታውቃላችሁ። ጥሩምባ ይነፋል፣ ድንኳን ይተከላል፣ አግዳሚ ወንበር ይደረደራል፣ ንፍሮ ይቀቀላል፣ ለቅሶ ቤቱ የሚያድር ሰው አያጣም። ያ ሰው ከመሞቱ በፊት በነበሩት ሦስትና አራት ወራት ግን እዚያው ቤት ውስጥ አንዲት ልጅ ወይም አንዲት ሚስት ብቻዋን ስታገላብጠው፣ ስታጥበው፣ ሌሊት ሲያቃስት አብራው ስታነጋ ከርማለች። ለድንኳኑ ገንዘብ አለ፤ ለዚያ ሌሊት የለም። ለሆስፒስ ድርጅት ገንዘብ ልትሰበስቡ ለተነሣችሁት ለእናንተ የምጽፈው ለዚያ ሌሊት ስለሚያስፈልገው ገንዘብ ነው።

ሆስፒስ ሲባል ብዙ ሰው ሕንፃ ይታየዋል። እኛ አገር በአብዛኛው ቦርሳ ያነገተች ነርስ ናት። በካንሰር ወይም በሌላ በማይድን ሕመም የተያዘውን ሰው ቤቱ ድረስ ሄዳ ሕመሙን ታስታግሳለች፣ ቁስሉን ታጥባለች፣ አስታማሚውን ታስተምራለች። እ.ኤ.አ. በ2003 በአንዲት ነርስ አዲስ አበባ ላይ የተመሠረተው ሆስፒስ ኢትዮጵያም የሚታወቀው በዚህ የቤት ለቤት ክብካቤ ነው።

ብር ልትጠይቁ ከመውጣታችሁ በፊት ከነርሷ ጋር ተቀምጣችሁ የአንድ ጉብኝት ወጪ በወረቀት ላይ አስፍሩ። መጓጓዣ፣ ጓንት፣ ጎዝ፣ የአዋቂ ዳይፐር፣ መድኃኒት፣ የነርሷ የቀን ደመወዝ። ያኔ አንድ ነገር ይገለጥላችኋል፦ ሞርፊኑ፣ ማለትም ከባዱን ሕመም የሚያስታግሰው መድኃኒት፣ ከወጪው ትንሹ ነው። የሚጠጣ ሞርፊን ከዱቄት ተበጥብጦ የሚዘጋጅ ርካሽ መድኃኒት ነው። ውዱ ነገር ማድረሱ ነው። በየአራት ሰዓቱ ስለሚወሰድ ጠርሙሱ ሳያልቅ ሌላው መድረስ አለበት፤ በተጨማሪም ሆድ ያደርቃል። ሆድ የሚያለሰልስ መድኃኒት አብሮ ካልተሰጠ ታማሚው በድርቀቱ ስቃይ ሞርፊኑን ራሱን ይተወዋል። ስለዚህ «ሞርፊን ግዙበት» ብሎ ለሚሰጣችሁ ሰው ይህንን አስረዱት፤ አለዚያ ለዋናው መድኃኒት ተከፍሎ ለማለስለሻው ሲጠፋ ልፋቱ ሁሉ ከንቱ ይቀራል።

ነጋዴ ፊት ስትቆሙ «ሰብዓዊ አገልግሎት» የሚል ቃል አታብዙ። አንድ ነገር አሳዩት። ለምሳሌ ቆዳ ሰብሮ የወጣ የጡት ካንሰር ቁስል ይሸታል። ሽታው ክፍሉን ሲሞላ መጀመሪያ ጎረቤት ቡና መምጣት ያቆማል፣ ቀጥሎ ልጆች ሌላ ክፍል ይተኛሉ፣ በመጨረሻ እናትየዋ ራሷ «አትጠጉኝ» ማለት ትጀምራለች። ነርሷ ቁስሉን በጨው ውሃ አጥባ ሜትሮኒዳዞል ኪኒን ፈጭታ ስትነሰንስበት ሽታው በጥቂት ቀናት ይቀንሳል፤ ሰውም ተመልሶ አልጋው አጠገብ ይቀመጣል። ኪኒኑ በየፋርማሲው የሚገኝ ተራ መድኃኒት ነው። ባለ ሱቁ ይህን ሲሰማ ብሩ የት እንደሚውል ይገባዋል።

ከገቢ ምንጮች ሁሉ የማስቀድመው በየሱቁ የሚቀመጠውን ሳጥን ነው። ገንዘቡ ትንሽ ነው፤ ግን በየወሩ ይመጣል፣ ሕመሙም በየወሩ አለ። ሳጥኑ ከብረት ወይም ከወፍራም ፕላስቲክ ይሠራ፤ ከውስጥ ያለው ብር እንዲታይ በአንድ ጎኑ ብርጭቆ የመሰለ መስኮት ይኑረው። የድርጅቱ ስም፣ የምዝገባ ቁጥር፣ ስልክና የሳጥኑ ተራ ቁጥር ይጻፍበት። በቁልፍ ብቻ አትመኑ፤ ቁጥር ያለው የፕላስቲክ ማሸጊያ ጨምሩበት። ቦታው መልስ የሚመለስበት ባንኮኒ ላይ ነው። በር ላይ የተቀመጠ ሳጥን አቧራ እንጂ ብር አይሰበስብም።

ሲከፈት ሁለት ሰው ይሂድ፤ ሁለቱ ዘመዳሞች አይሁኑ። ባለ ሱቁ ባለበት ማሸጊያው ይቆረጥ፣ ብሩ እዚያው ይቆጠር፣ በሦስት ቅጂ ይመዝገብ፣ ሦስቱም ይፈርሙ። የአሮጌውና የአዲሱ ማሸጊያ ቁጥር ይጻፍ። ገንዘቡ ያን ቀን፣ ባንክ ከተዘጋ በማግስቱ ጠዋት፣ በድርጅቱ ሒሳብ ይግባ። የገባው ብር መጠን ከተቆጠረው ጋር ሳንቲም ሳይጎድል መመሳሰል አለበት። ለታክሲ ከውስጡ ቀንሶ ቀሪውን ማስገባት ሌብነት ባይሆንም ሒሳቡን ያበላሻል፤ የታክሲው ወጪ በራሱ ደረሰኝ ይጠየቅ።

ብዙ ጊዜ የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው፦ ወጣቶች በጋለ ስሜት 60 ሳጥን ያድላሉ፣ የመጀመሪያውን ወር ይሰበስባሉ፣ ከዚያ ፈተና ይደርሳል። በአራተኛው ወር ሳጥኑ ሞልቶ ወይም ተሰንጥቆ ይገኛል፤ ባለ ሱቁ ከባንኮኒ ሥር ይገፋዋል፤ ደንበኛ «ያ ገንዘብ የት ደረሰ?» ሲል መልስ ያጣል። ያ ሱቅ ዳግመኛ በሩን አይከፍትላችሁም። በ15 ሳጥን ጀምሩ፣ ሁለት ጥንድ ሰው መድቡ፣ በየወሩ በተመሳሳይ ሳምንት ሂዱ። ባለፈው ወር ከሳጥኑ ስንት ብር እንደወጣና ለስንት ጉብኝት እንደዋለ በትንሽ ወረቀት ለጥፉበት። ከሳጥኑ ጎን የቴሌብር ኪውአር ኮድ ካስቀመጣችሁ ሒሳቡ የድርጅቱ እንጂ የማንም ግለሰብ አይሁን። በሄዳችሁ ቁጥርም በስልካችሁ ቃኙት፤ ሌላ ሰው የራሱን ኮድ ለጥፎበት ሊገኝ ይችላል።

ብር የማይሰጥ ነጋዴ ዕቃና ሙያ ይሰጣል። ጋራዡ የጉብኝቱን መኪና ዘይት ይቀይር፣ ማተሚያ ቤቱ ደረሰኝ ያትም፣ ፍራሽ ሻጩ በዓመት ሁለት ወፍራም ስፖንጅ ይስጥ። ከፋርማሲ መድኃኒት ስትቀበሉ የማብቂያ ጊዜውን ተመልከቱ፤ የዓለም ጤና ድርጅት የመድኃኒት ልገሳ መመሪያ ቢያንስ አንድ ዓመት የቀረው እንዲሆን ይጠይቃል። ሞርፊንን ግን ከማንም አትቀበሉ፣ ከሞተ ሰው ቤት የተረፈውንም ቢሆን። ጥብቅ ቁጥጥር ያለበት መድኃኒት ነው፤ መመለሻውን ነርሷ ታውቃለች።

ነጋዴው ደረሰኝ ይፈልጋል፣ መፈለጉም ልክ ነው። በአዋጅ ቁጥር 1113/2011 መሠረት የተመዘገበ ድርጅት ደረሰኝ ካልሰጣችሁት ስጦታው ግብር ከሚከፈልበት ገቢው ላይ አይቀነስለትም። በገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 979/2008 ላይ የተቀመጠው ጣሪያ ግብር ከሚከፈልበት ገቢ 10 በመቶ ነው፤ ለዓመቱ የሚሠራውን ማሻሻያ ከሒሳብ ሠራተኛው ጋር አረጋግጡ።

አሁን ወደ እድር ልምጣ። ልቤ ያለው እዚህ ነው። በደቡብ ሕንድ፣ በኬረላ፣ የማላፑራም አካባቢ ሰዎች በየሰፈሩ ተደራጅተው ትንንሽ መዋጮ እያወጡ በማይድን ሕመም የተያዙ ጎረቤቶቻቸውን በየቤቱ ይጎበኙ ነበር። የክልሉ መንግሥት እ.ኤ.አ. በ2008 የማስታገሻ ሕክምና ፖሊሲ ሲያወጣ ሥራው ከታች ተጀምሮ ጠበቀው። እኛ የአባላት መዝገብ፣ ወርኃዊ ክፍያ፣ ገንዘብ ያዥና ቅጣት ሳይቀር ያለው ማኅበር ከአያቶቻችን ተረክበናል። በኤችአይቪ ክፉ ዘመንም አንዳንድ እድሮች ከቀብር አልፈው የአልጋ ቁራኛ የሆኑትን ደግፈዋል።

250 አባላት ያሉት እድር በወር 10 ብር ቢጨምር በወር 2,500፣ በዓመት 30,000 ብር ነው። ይህን ሐሳብ በጠቅላላ ጉባኤ ላይ ድንገት አታንሱት። አስቀድማችሁ ሰብሳቢውን፣ ጸሐፊውንና ገንዘብ ያዡን በየተራ አነጋግሩ፤ ሽማግሌዎቹን ቤታቸው ድረስ ሂዱ። «ሰው ሳይሞት ማሟረት ነው» የሚል አባት አይጠፋም። አትከራከሯቸው። «አልጋ ላይ ለዋሉ አባላት» በሉ እንጂ «ለሚሞቱ» አትበሉ፤ እንዲያውም ብዙ ቤተሰብ የሕመሙን ስም ከታማሚው ይሰውራልና ቃላችሁ ራሱ ሊያቆስል ይችላል። ከተስማሙ መተዳደሪያ ደንቡ ላይ ይግባ፣ ገንዘቡ በመዝገቡ ላይ የራሱ ዓምድ ይኑረው። ከቀብሩ ገንዘብ ጋር ከተቀላቀለ በመጀመሪያው ክረምት ሁለት ቀብር ሲደራረብ ያልቃል። ማን ይረዳ የሚለውንም ኮሚቴው በዘመድ አይወስን፤ ነርሷ አይታ ትጻፍ።

ስለ ሩጫና ስለ እራት ግብዣ ብዙ አልልም። ስም ያስተዋውቃሉ፣ ግን ወጪያቸው ገቢያቸውን ይበላል። ቲሸርቱን፣ አዳራሹን፣ ድምፅ ማጉያውን አስቀድማችሁ ደምሩ፤ ስፖንሰር ካልሸፈነው አትጀምሩ። ቶምቦላ ካሰባችሁ የሎተሪ ፈቃድ ሳታወጡ አንድ ትኬት አትሽጡ።

በውጭ ያሉ ወገኖቻችን ብዙ ጊዜ የሚያዋጡት አንድን ሰው ሕንድ ወይም ታይላንድ ልኮ ለማሳከም ነው። ሐኪም «መዳኛ የለውም» ካለ በኋላም አንዳንዴ ለትኬቱ ይሰበሰባል፤ ታማሚው ሲመለስ ለዳይፐር የሚሆን አይቀርም። ይህን ለቤተሰብ መናገር ይከብዳል፣ ቢሆንም ከሚሰበሰበው ላይ ለቤት ውስጥ ክብካቤ የሚሆን ድርሻ ከመጀመሪያው እንዲለይ በትሕትና ጠይቁ። ብሪታንያ ያሉት እዚያ በተመዘገበ በጎ አድራጎት በኩል ከሰጡና ግብር ከፋይ ከሆኑ፣ ጊፍት ኤይድ በሚባለው አሠራር በጎ አድራጎቱ በእያንዳንዱ ፓውንድ ላይ 25 ፔንስ ከመንግሥት ይጨመርለታል።

የታማሚ ፎቶ አታንሱ። «ፈቅዷል» አትበሉኝ፤ መድኃኒቱን ከእጃችሁ የሚጠብቅ ሰው እምቢ ማለት አይችልም። የነርሷን ቦርሳ፣ የታጠፈውን አንሶላ፣ የሳጥኑን ቆጠራ አሳዩ። አርማ የተለጠፈበት መኪናም የታማሚ በር ላይ አይቁም፤ ጎረቤት የማያውቀውን ያውቅበታል።

ሰውየው ሲያርፍ ለቅሶ ድረሱ፣ ግን ስለ ገንዘብ ቃል አይውጣችሁ። ያዋሳችሁትን ዊልቸርና ፍራሽ ከአርባው በፊት አትጠይቁ፣ ቤተሰቡ ራሱ ውሰዱልን ካላለ በቀር። ዊልቸሩ ሲመለስ 5 በመቶ የሆነውን በረኪና አንድ እጅ በዘጠኝ እጅ ውሃ በጥብጣችሁ ወልውሉት፣ 10 ደቂቃ ቆይታችሁ በንጹሕ ውሃ አጥቡት፣ አለዚያ ብረቱን ያዝገዋል። ፍሬኑንና የእግር ማስቀመጫውን ፈትሹ። ከዚያ መዝገቡ ላይ የተመለሰበትን ቀን ጽፋችሁ ከሥሩ የሚቀጥለውን ታማሚ ቁጥር አስገቡ።