እንግዶቼን በምን ላዙራቸው?

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ ሰላም ናችሁ? እኔ የድሬ ልጅ ነኝ፣ ሳቢያን ነው የምኖረው። የአክስቴ ልጅ ከባሏና ከሁለት ልጆቿ ጋር ከውጭ ልትመጣ ነው። እነሱ የትም ከተማ ሲሄዱ የለመዱት ያንን ባለ ፎቅ፣ ጣሪያው ክፍት የሆነ የቱሪስት አውቶቡስ ይዘው፣ በጆሮ ማዳመጫ ታሪክ እየሰሙ መዞር ነው። ትልቋ ልጅ ደግሞ ሥዕል ትማራለች፣ «እዚያ የዘመናዊ ሥነ ጥበብ ሙዚየም አለ ወይ?» ብላ ከአሁኑ ጠይቃኛለች። አቦ ምን ልበላት? ያላቸው ሁለት ቀን ብቻ ነው፣ ድሬንም ሐረርንም ማሳየት እፈልጋለሁ። ባጃጅ ውስጥ አጭቄ እንዳላዞራቸው ደግሞ አፈርኩ።

መልስ፦ እህቴ፣ ማፈሩን ተዪው። ለድሬ ከባጃጅ የተሻለ መዞሪያ የለም። ጎኑ ክፍት ነው፣ ነፋስ ያስገባል፣ ቀስ ብሎ ይሄዳል፣ የፈለግሽው ቦታ ላይ ይቆማል። የቱሪስት አውቶቡስም የሚጠቅመው ለዚሁ ነው፦ ከተማው ምን ቅርጽ እንዳለው፣ የቱ ሰፈር ከየቱ እንደሚዋሰን በአንድ ዙር ለማየት። ስለዚህ ሁለት ባጃጅ ኮንትራት ያዢ፣ ዋጋውን ሳትሳፈሩ ጨርሺ፣ ሹፌሮቹ ተከታትለው እንዲነዱ ንገሪያቸው። አንደኛው ላይ አንቺ፣ ሌላኛው ላይ ከተማውን የሚያውቅ ወንድምሽ ወይ ጓደኛሽ ይግባ። የጆሮ ማዳመጫውን ሥራ የምትሠሩት እናንተ ናችሁ፣ ስለዚህ ማታውኑ ትንሽ ታሪክ ተዘጋጁ።

ሰዓቱ ላይ ግን ጨክኚ። ድሬን ከጠዋቱ 1 ሰዓት እስከ 5 ሰዓት ባለው ጊዜ ጨርሻት። ከ6 ሰዓት በኋላ ፀሐዩ አናት ይበሳል፣ ሱቁ ይዘጋል፣ ሰዉም ወይ ተኝቷል ወይ በርጫ ላይ ነው። እንግዳ ይዘሽ ብትዞሪ የምታሳዪው የተዘጋ በር ነው። በጠዋት ተነሱ፣ ፈጢራ በእንቁላልና በማር ብሉ፣ ከዚያ በቀጥታ ወደ ምድር ባቡር።

እዚያ የምትጀምሩት ድሬ ራሷ እዚያ ስለተጀመረች ነው። ከጅቡቲ የተነሳው ሐዲድ መጀመሪያ የታሰበው ለሐረር ነበር። ተራራው ግን አላስወጣ አለ፣ ሐዲዱ ከሥሩ ሜዳው ላይ ቀረ፣ በ1895 ዓ.ም. ባቡሩ ሲደርስ በበረሃው ዳር አዲስ ከተማ ተቆረቆረ። የመጀመሪያ ስሟም «አዲስ ሐረር» ነበር። ሐዲዱ አዲስ አበባ የገባው ከዚያ 14 ዓመት ገደማ ቆይቶ ነው። አሁን የሚሠራው የኤሌክትሪክ ባቡር ጣቢያው ከከተማው ወጣ ብሎ ነው፣ እናንተ ግን ጉዳያችሁ ከአሮጌው ጋር ነው። በር ላይ በትህትና ጠይቁና የጥገና ክፍሉን እንድታዩ ከተፈቀደላችሁ ጊዜ ስጡት። ዘይት የጠጣው ወለል፣ ቀለሙ እየተላጠ ከሥሩ ሌላ ቀለም የሚያሳየው ፉርጎ፣ የፈረንሳዮቹ ዘመን ማሽኖች፤ ሥዕል የምትማረው ልጅ እዚያ ውስጥ ስትገባ ማስወጣቱ ይቸግርሻል።

ከዚያ የከዚራን ሰፈር ዙሩ። መንገዱ በማስመሪያ የተሰመረ ይመስላል፣ ዛፎቹ ግራና ቀኝ ጥላ ሠርተዋል። የደቻቱን ወንዝ ተሻግራችሁ መጋላ ሰፈር ስትገቡ ደግሞ መንገዱ ይጠማዘዛል፣ ቤቱ ይጠጋጋል፣ ቀለሙ ይለወጣል። ይህ ልዩነት ለእንግዳ በቃል ቢነገረው አይገባውም፣ በአንድ ዙር ግን ያየዋል። ደቻቱ ድልድይ ላይ አንድ አፍታ ቁሙ። አብዛኛውን ጊዜ የሚታየው አሸዋ ብቻ ስለሆነ ልጆቹ ወንዝ ነው ብትያቸው ላያምኑሽ ይችላሉ። በሐምሌ 1998 ዓ.ም. መጨረሻ ሌሊት ሞልቶ ከ200 በላይ ሰው የበላው ይኸው አሸዋ መሆኑን ንገሪያቸው። ድሬን ያለዚያ ታሪክ ማሳየት ልክ አይመስለኝም።

መጨረሻ ቀፊራ ገበያ። ከበሩ ቅስት ጀምሮ ፎቶ ማንሳት ያምራቸዋል፣ ግን ሻጮቹን ሳያስፈቅዱ እንዳያነሱ አስቀድመሽ ንገሪያቸው። ትንሽ ነገር ገዝተው ቢጠይቁ ማንም እምቢ አይላቸውም።

ከሰዓት በኋላ ያለውን ሙቀት ለመንገዱ ስጪው። ሐረር ከ50 ኪሎ ሜትር ብዙም የማይበልጥ መንገድ ነው፣ ለዚህ ሚኒባስ ኮንትራት ያዙ። የደንገጎን ዳገት ስትወጡ መስኮቱን ክፈቱት፣ ከ1,200 ሜትር ገደማ ተነስታችሁ ወደ 1,900 ሜትር ግድም ስለምትወጡ አየሩ ሲለወጥ ፊታችሁ ላይ ይታወቃችኋል። ማታ ግን በዚያ ጠመዝማዛ መመለስ የለም። ሐረር እደሩ። ጅብ በሰው እጅ ሲመገብም የሚታየው ከመሸ በኋላ ስለሆነ ማደሩ ያዋጣል።

ሁለተኛው ቀን የእግር ቀን ነው። ጁገልን፣ በግንብ የታጠረውን አሮጌውን ሐረር፣ በመኪና አየሁ የሚል ሰው ጁገልን አላየም። የግንቡ ጥንታዊ በሮች አምስት ናቸው፣ ውስጡ 82 መስጊድ አለ፣ ዩኔስኮም እ.ኤ.አ. በ2006 በዓለም ቅርስነት መዝግቦታል። ይህን ሁሉ አስጎብኚ ይነግራችኋል። አስጎብኚ ስትይዙ መታወቂያ ያለውን ያዙ። እኔ የምለምንሽ አንድ ነገር ነው፤ ቦታ አታብዢ። የሸሪፍ ሙዚየም፣ የራምቦ ቤትና አንድ የሐረሪ ቤት ከበቂ በላይ ናቸው።

የሸሪፍ ሙዚየም ራስ ተፈሪ ይኖሩበት በነበረው ቤት ውስጥ ነው ያለው። አቶ አብዱላሂ ሸሪፍ በግላቸው ያሰባሰቡት ነው፦ በእጅ የተጻፉ መጻሕፍት፣ የሐረር ሳንቲሞች፣ ጌጣጌጥ፣ የጦር መሣሪያ፣ የድሮ ዘፈን ቅጂ ሳይቀር። አንድ ሰው እንዲህ ያለ ሥራ ሠርቶ ለከተማው ማቆየቱ እኔን ሁሌም ይነካኛል። የራምቦ ቤት የሚባለው ደግሞ ባለ ቀለም መስታወቱና የድሮ ፎቶዎቹ ያምራሉ። ፈረንሳዊው ገጣሚ ራምቦ እ.ኤ.አ. ከ1880 እስከ 1891 ባለው ጊዜ እየተመላለሰ ሐረር ኖሯል፣ በዚያ ቤት ኖረ ማለት ግን ያስቸግራል። ቤቱን ያሠራው የህንድ ነጋዴ ነው ይባላል።

አሁን ወደ ልጅቷ ጥያቄ። እዚህ የዘመናዊ ሥነ ጥበብ ሙዚየም ብዬ የምልካት ቦታ የለኝም፣ አንቺም እንዳታስመስዪ። በምትኩ አንድ የሐረሪ ቤት ሳሎን ውስጥ፣ ነደባው ላይ፣ ግማሽ ሰዓት አስቀምጫት። ለእንግዳ ክፍት የሆኑ ቤቶች አሉ። ነደባው በተለያየ ከፍታ የተሠራ መቀመጫ ነው፣ ቀይ ተቀብቶ ምንጣፍ ይነጠፍበታል። ግድግዳው ላይ ከአለላ የተሰፉ ሰፌዶችና ሙዳዮች፣ ከነሱ ጎን ሳህኖች ተሰቅለዋል። ዝም ብለው አልተሰቀሉም፣ የየትኛው ቦታ የት እንደሆነ ሥርዓት አለው። አንዱን ሰፌድ ብቻ መርጣ ትየው። ከመሃሉ ተነስቶ እየተሽከረከረ የሚወጣው ስፌት፣ በየዙሩ አንድ አንድ ስፌት እየጨመረ ሦስት ማዕዘን የሚሆነው ቀይ፣ ከጥቁሩ ጋር ሲገናኝ የሚሰበረው መስመር። የሰፋችው ሴት ወረቀት ላይ አልነደፈችውም፣ ቆጥራ ነው የሠራችው። ደብተር ይዛ ትሂድና ትሳለው፣ ከሳለችው በኋላ ጥያቄዋ ይበዛል።

ከዚያ ስለ ገብረ ክርስቶስ ደስታ ንገሪያት። የኢትዮጵያ ዘመናዊ ሥዕል ሲነሳ ስሙ ከፊት የሚጠራው ሰው የተወለደው እዚሁ ሐረር ነው። ጀርመን ኮሎኝ ተምሮ ተመለሰ፣ አዲስ አበባ ሥነ ጥበብ ት/ቤት አስተማረ፣ ረቂቅ ሥዕል ለብዙዎች እንግዳ በነበረበት ጊዜ ይዞት ቀረበ። ገጣሚም ነበር። በደርግ ጊዜ ተሰዶ እ.ኤ.አ. በ1981 አሜሪካ ውስጥ ሞተ። ጀርመን ቀርተው የነበሩ ሥዕሎቹ ተመልሰው አሁን አዲስ አበባ 6 ኪሎ፣ በዩኒቨርሲቲው ሥር ባለው በስሙ በተሰየመው የዘመናዊ ሥነ ጥበብ ሙዚየም ይገኛሉ። እንግዶችሽ ሲመለሱ አዲስ አበባ ማለፋቸው ስለማይቀር አንድ ከሰዓት ለዚያ ያስቀሩ። የተወለደበትን ከተማ አይታ መሄዷ ለልጅቷ ትልቅ ነገር ነው።

ጥያቄ፦ ጡረታ የወጣሁ መምህር ነኝ፣ ከሐረር። ልጄ ለአጭር ሥልጠና ለንደን ሄዳለች፣ አንድ ትርፍ ቀን አላት። የቱሪስት አውቶቡሱ ውድ ነው ትላለች፣ ደግሞም አንድ የሥነ ጥበብ ሙዚየም ማየት ትፈልጋለች። ምን ትመክሩኛላችሁ?

መልስ፦ ጋሼ፣ አንድ ቀን ብቻ ካላት ገንዘቧን ትያዝ። የቱሪስት አውቶቡሱ ቲኬት የሚያዋጣው ጠዋት ገዝቶ ቀኑን ሙሉ እየወረዱ እየወጡ ለሚውል ሰው ነው። ግማሽ ቀኗን ሙዚየም የምትውል ከሆነ የከፈለችበት ሰዓት ቆሞ ያልፋል። ለንደን ውስጥ ተራው ቀይ የከተማ አውቶቡስም ባለ ፎቅ ነው። ላይ ወጥታ ከሹፌሩ አናት በላይ ያለውን የፊት ወንበር ትያዝ፣ በጣም በትንሽ ዋጋ ያው ከተማ ነው የሚታያት። ጥሬ ገንዘብ ግን አይቀበሉም፣ የባንክ ካርድ ወይም ኦይስተር የሚሉትን ካርድ ትያዝ። ስልኳ ላይ ካርታ ከፍታ የት እንደደረሰች እያየች ብትሄድ ትረካውም አይቀርባትም።

ሙዚየሙ ቴት ሞደርን ይሁን። ቴምዝ ወንዝ ዳር የነበረ የኤሌክትሪክ ኃይል ማመንጫ ነው፣ እ.ኤ.አ. በ2000 ሙዚየም ሆኖ ተከፈተ፣ ረጅሙ የጡብ ጭስ ማውጫ አሁንም ቆሞ ይታያል። ቋሚ ስብስቡን ማየት ነፃ ነው፣ የሚከፈለው ለልዩ ኤግዚቢሽን ብቻ ነው። ከቅዱስ ጳውሎስ ካቴድራል በኩል ብትመጣ የእግረኛ ድልድዩ በቀጥታ ያደርሳታል፣ አዳራሾቹን በሙሉ ልዙር እንዳትል ብቻ ይንገሯት፤ ሰው እግሩ ዝሎ፣ ራሱን አሞት፣ አንድም ሥዕል ሳያስታውስ የሚወጣው እንደዚያ ሲያደርግ ነው። ሦስት ወይም አራት ሥራ ትምረጥና እያንዳንዱ ፊት ቁጭ ትበል። ጎኑ የተጻፈውን መግለጫ ቀድማ አታንብብ። መጀመሪያ ራሷ ትየው፣ «ይሄ ምኑ ነው የያዘኝ?» ትበል፣ ከዚያ ታንብብ። አዲስ አበባ የተወለደችው የጁሊ ምሕረቱ ሥራም በሙዚየሙ ስብስብ ውስጥ አለ። ሁልጊዜ ለእይታ አይወጣምና ስትገባ መረጃ ጠረጴዛው ጋ ትጠይቅ።

ጥያቄ፦ ጁገል ውስጥ ባጃጅ ይገባል? እናቴ ጉልበቷን ያማታል፣ እንዳትቀርብኝ ብዬ ነው።

መልስ፦ በዋናው መንገድ ፈረስ መጋላ አደባባይ ድረስ በመኪናም በባጃጅም ትደርሳላችሁ። ከዚያ ወዲያ ያሉት ጠባብ መንገዶች የእግር ናቸው፣ አንዳንዱ ጋ ሁለት ሰው ሲተላለፍ ትከሻው ይነካካል። መሬቱም ድንጋይና ቁልቁለት አለበት። በጠዋት ሂዱ፣ የማያዳልጥ ጫማ ታድርግ፣ ምርኩዝ ያዢላት። «መኪና ግርግር» በሚባለው መንገድ ላይ በሁለቱም ወገን የልብስ ሰፊዎቹ ማሽን ይሰማል፣ ጨርቅ እየመረጠች ታርፋለች፤ ሰፊዎቹም ለእናት ወንበር አይነፍጉም። የሐረሪ ቤት ስትገቡ ዝቅተኛው ነደባ ላይ ትቀመጥ፣ ከፍተኛው ለጉልበቷ ይከብዳታል።