1/8 ከ1/4 ይበልጣል የሚሉ ልጆች

«የ3ኛ ክፍል ልጆቼ 8 ከ4 ስለሚበልጥ 1/8 ከ1/4 ይበልጣል ይላሉ፤ በምን ላስረዳቸው?» ብለሽ ለጠየቅሽው የሐይቋ እህታችን፦

መጀመሪያ ቁጥሩን ከሰሌዳው ላይ አጥፊው። ልጆቹ ነገሩን ያውቁታል፤ ያሳታቸው አጻጻፉ ነው። ሱቅ የሚላክ ልጅ ግማሽ ኪሎ ስኳር ከሩብ ኪሎ እንደሚበልጥ አይጠፋውም። «ግማሽ» እና «ሩብ» ሲባል ቁጥሩ አይሰማም፤ 1/2 እና 1/4 ተብሎ ሲጻፍ ግን ዓይኑ 2 እና 4 ላይ ያርፋል።

ስለዚህ በመካፈል ጀምሪ። «እኩል የሆኑ ሁለት ድፎ ዳቦዎች አሉ። አንዱን 4፣ ሌላውን 8 ልጆች እኩል ይካፈሉታል። አንተ ከየትኞቹ ጋር ትቀመጣለህ?» ለምን እንደመረጡ ጠይቂና ሰው ሲበዛ ድርሻ እንደሚያንስ ራሳቸው እስኪሉት ጠብቂ፤ ቀድመሽ አትንገሪ። ታህቱ (ከመስመሩ በታች ያለው ቁጥር) ሙሉው በስንት እኩል እንደተካፈለ የሚናገር መሆኑን የምታያይዢው ያኔ ነው።

ቀጥሎ ካርቶን። ክብ መሣል ለግማሽና ለሩብ ይመቻል፤ ለሲሶ ሲሆን ግን ልጆቹ ሁለት ቀጥ ያሉ መስመሮች ጎን ለጎን ያሰምሩና መሃሉ ይሰፋል። ርዝመታቸው 24፣ ወርዳቸው 3 ሴንቲሜትር የሆኑ 6 ቁራጮች አዘጋጂ። አንዱ ሙሉ ይቀመጥ፤ በሌሎቹ ላይ አንዱ ድርሻ ለ1/2 12፣ ለ1/3 8፣ ለ1/4 6፣ ለ1/6 4፣ ለ1/8 3 ሴንቲሜትር ይሆናል። በማስመሪያ ይለኩ እንጂ አጥፈው አይክፈሉት፤ ሦስት ጊዜ ደራርበው ካጠፉ 6 ያገኙ ይመስላቸዋል፣ ሲዘረጉት 8 ነው። ከዚያ ግራ ጫፋቸውን አስተካክለው አንዱን ከአንዱ በታች ይደርድሩ።

«ታህቱ ሲበልጥ ክፍልፋዩ ያንሳል» የሚል ሕግ ብቻ አታስጠኚ። ላዕሉ (ከመስመሩ በላይ ያለው ቁጥር) 1 ሲሆን ይሠራል፤ 3/8ን ከ1/4 ጋር ስታመጪ ግን ይከዳቸዋል፣ ምክንያቱም 1/4 ማለት 2/8 ነው። በእኛ ቋንቋ ደግሞ ሌላ ወጥመድ አለ፦ «አራተኛ» እና «ስምንተኛ» የደረጃም ስም ናቸው። ከክፍሉ አራተኛ የወጣው ስምንተኛ ከወጣው ይበልጣል ብሎ በማይሆን ምክንያት ትክክለኛውን መልስ የሚሰጥ ልጅ አይጠፋም። ስለዚህ ከመልሱ ይልቅ ምክንያቱን ስሚ፤ ቁራጩን አስቀምጦ ያሳይሽ።

ሙሉው እኩል ካልሆነም ማወዳደሩ ይፈርሳል። የትንሽ አምባሻ ግማሽ ከትልቅ ድፎ ሩብ ሊያንስ ይችላል። 1/5 ስትጨምሪ ልብ በይ፦ 24 ለ5 በሙሉ ሴንቲሜትር እኩል ስለማይደርስ 30 ሴንቲሜትር ቁራጭ መቁረጥ ያምርሻል። ያኔ 1/5 6 ሴንቲሜትር ይሆንና ከ24ቱ ሩብ ጋር እኩል መስሎ ቁጭ ይላል። እዚያው 24ቱ ላይ 4 ሴንቲሜትር ከ8 ሚሊሜትር ለክተሽ አስምሪ።