ድራፍቱን አላሳየሁትም

ሰሞኑን አንዲት የማስተርስ ተማሪ ደውላ «ጋሼ፣ አድቫይዘሬ ቴሲሴን ፐብሊሽ ሊያረገው ነው፣ ስሜን ሦስተኛ ላይ አየሁት፣ ዝም ልበል ወይስ ልናገር?» አለችኝ። ልመልስላት ስል ትዝ ያለኝ የሷ ጉዳይ ሳይሆን የራሴ ጥፋት ነው፣ ከሃያ ዓመት በላይ ሆኖታል፣ ዛሬም ያንገበግበኛል።

ያኔ ቆላ ወርደን ወባ እናጠና ነበር። የደም ስላይድ የሚያነብልን አንድ የላብራቶሪ ቴክኒሻን ነበረ፣ ጣቶቹ በስላይድ ማቅለሚያው በጊምሳ ቀለም ወይን ጠጅ መስለው የሚውሉ፣ መብራት ሲጠፋ የማይክሮስኮፑን መስታወት ወደ መስኮቱ አዙሮ በፀሐይ የሚሰራ ሰው። አንድ ቀን መዝገቡን ይዞ መጣና «ዶክተር፣ ፋልሲፓረም ብለን ያከምናቸው ከወንዙ ማዶ ያሉት ሰዎች ተመልሰው ሲመጡ የማየው ቫይቫክስ ነው፣ የድሮዎቹን ልድገማቸው?» አለኝ፣ ሁለቱ የተለያዩ የወባ ዓይነቶች ናቸው። ማንም ሳያዘው ሳጥኑን ከፍቶ የከረሙትን ስላይዶች አንድ በአንድ እንደገና አነበባቸው፣ የፔፐራችን ዋና ሐሳብ የወጣው ከዛ ነው።

ስንጽፈው ደራሲ ተብሎ ስድስት ስም ሰፈረ። አንደኛው ድራፍቱን እንኳ ያላነበበ ኃላፊ ነበር። የቴክኒሻኑ ስም ግን ምስጋና ውስጥ ገባ፣ እሱም የአባቱ ስም ተሳስቶ። ኮፒውን ስሰጠው ቆሞ ከመጀመሪያው ገጽ ጀምሮ በጣቱ እየተከተለ ስሙን ፈለገ፣ መጨረሻው ገጽ ላይ ሲያገኘው «እግዜር ይስጥልኝ ዶክተር» ብሎ አጥፎ ደረት ኪሱ ከተተው።

«አልጻፈማ» ብዬ ራሴን ሳጽናና ኖርኩ። የሕክምና ጆርናል ኤዲተሮች በ1978 ቫንኩቨር ተሰብስበው የጀመሩት ኮሚቴ ዛሬ ደራሲ ለመባል አራት መስፈርት አለው፦ ሥራው ላይ ትልቅ ድርሻ፣ መጻፍ ወይ ማረም፣ የመጨረሻውን ቅጂ ማጽደቅ፣ ተጠያቂ መሆን። ግን ያው መመሪያ የመጀመሪያውን ላሟላ ሰው የመጻፉም የማረሙም ዕድል ይሰጠው ይላል፣ እኔ ደግሞ ድራፍቱን አላሳየሁትም። ስም ማለት ኃላፊነት ነው፤ በዛው በ1978 ሉሲን ያገኙት እነ ጆሃንሰን ዝርያዋን አፋረንሲስ ብለው ሲሰይሙ የቅሪተ አካል አጥኚዋ ሜሪ ሊኪ በስያሜው ስላልተስማማች ስሟን ከጽሑፉ አስወጥታለች። እኛ ጋ የማያነበው ስሙን ያስገባል።

ልጅቷን ተናገሪ አልኳት፣ ሰብሚት ሳይደረግ፣ በኢሜይል፣ በትሕትና፣ «ቅደም ተከተሉ በምን እንደተወሰነ ቢያስረዱኝ» ብለሽ። ድራፍቶችሽን ከነቀናቸው አስቀምጪ፣ ጆርናሉ እንደሆነ አይዳኝም፣ ተነጋገሩና ጨርሱ ካልሆነም ዩኒቨርሲቲያችሁ ይፍታው ብሎ ነው የሚመልሳችሁ። እናንተ የዛሬ ልጆች ደግሞ ገና ሳትጠይቁ ስክሪንሾቱን ቴሌግራም ላይ ትለቁታላችሁ፣ ይሄ ደስ አይለኝም፣ እንዲያ ስል ግን እኛስ ዝም ብለን ምን አተረፍን? ጥናት ሳይጀመር ማን ምን እንደሚሰራ፣ የማን ስም እንደሚቀድም በጽሑፍ ይስፈር እላለሁ፣ ከአንድ ወዳጄ ጋር ግን ስንት ዓመት አብረን ስንጽፍ አንድም ቀን አስፍረን አናውቅም፣ ተጣልተንም አናውቅም። እኩያ ስለነበርን ይመስለኛል። አለቃና ምንዝር በሆኑበት ግን ወረቀት ያስፈልጋል።

ቴክኒሻኑ ጡረታ ወጥቷል። ልጅቷ በደወለች ማግስት ስልኩን አፈላልጌ ደወልኩና ይቅርታ ጠየቅኩት። «ኧረ ምን ሆነህ ነው ዶክተር» አለና ትንሽ ቆይቶ «ያ የስላይድ ሳጥንስ የት ደረሰ?» ብሎ ጠየቀኝ። የምመልስለት አጣሁ።