ከጠረጴዛው ማዶ፦ በሙቀት ወይን ለምትቀምሱ

ሙቀቱ ሲጀምር የእናንተም ደብዳቤ ይበዛል። የዚህ ወር ገሚሱ ስለ ወይን ጠጅ ቅምሻና ስለ በጋ ፌስቲቫሎች ነው። ለማታውቁኝ፦ ዘጠኝ በጋ ከቅምሻ ጠረጴዛ ጀርባ ቆሜ ቀድቻለሁ። የወይን ሊቅ አይደለሁም። ሰው ሲቀምስ ግን ብዙ አይቻለሁ።

ጤና ይስጥልኝ። አምና ከባለቤቴ ጋር ለመጀመሪያ ጊዜ ወይን ፌስቲቫል ሄድን። ከአርባ በላይ ጠረጴዛ ነበር። ሁሉንም እንቅመስ ብለን ጀመርን፤ ከሰዓት በኋላ ግን የቀመስኩትን አንዱንም አላስታውስም። ዘንድሮም ልንሄድ ነው። ከየት እንጀምር? (የረሳው)

አይፈሩ፣ ብቻዎን አይደሉም። እኔም ቀጂ ከመሆኔ በፊት እንግዳ ሆኜ ገብቼ ነበር። ለመግቢያ የከፈልኩትን ካላስመለስኩ ብዬ ከጠረጴዛ ጠረጴዛ ስዞር ዋልኩ። አሥራ አንድ ሰዓት ላይ አንድ ዛፍ ሥር ነቃሁ። ግማሽ ፊቴ በፀሐይ ተቃጥሏል። ነጩ ሸሚዜ ደረቱ ላይ ቀይ በቀይ ሆኗል። (በነገራችን ላይ ነጭ አይልበሱ። ነጭ ለብሶ መሄድ የሚያምረው ስፔን ውስጥ ሃሮ በምትባል ከተማ ነው። እዚያ ጁን 29 ቀን ሰዉ ነጭ ለብሶ ወጥቶ እርስ በርሱ ወይን ይረጫጫል።)

ሒሳቡን የሠራሁት በማግስቱ ነው። አንድ ቅምሻ ብዙ ጊዜ ከ30 እስከ 50 ሚሊ ሊትር ይሆናል። ሲያዩት ምንም አይደለም። አሥር ጠረጴዛ በ50 ሲባዛ ግን 500 ነው። አንድ ጠርሙስ 750 ነው። ስለዚህ ቆመው፣ በፀሐይ፣ ምናልባትም በባዶ ሆድ፣ የጠርሙሱን ሁለት ሦስተኛ ጨርሰዋል ማለት ነው። እንዴት ያስታውሱ?

የእኔ ልክ ስድስት ነው። ስድስቱንም በዘፈቀደ አልመርጥም፤ አንድ ጥያቄ ይዤ እገባለሁ። ለምሳሌ ዛሬ ሮዜ (ሮዝ ቀለም ያለው ወይን) ብቻ እላለሁ። ወይም አንድ ዓይነት የወይን ፍሬ ሦስት አምራቾች ጋ እቀምሳለሁ። ፍሬው አንድ ሆኖ ጠጁ ሲለያይ ያኔ ነው ነገሩ የሚጥመኝ። ከባለቤትዎ ጋር ከሆኑ ደግሞ አንድ ቅምሻ ለሁለት ይካፈሉ፤ ስድስቱ አሥራ ሁለት ይሆንልዎታል።

ዓይነቱን ካደባለቁ በቅደም ተከተል ይሂዱ። መጀመሪያ አረፋ ያለው፣ ከዚያ ነጭ፣ ሮዜ፣ ቀይ፣ መጨረሻ ላይ ጣፋጩ። ምላስን ጨምድዶ የሚይዝ ቀይ ጠጥተው ወደ ቀላል ነጭ ቢመለሱ ውኃ ይመስልዎታል። ከጣፋጭ በኋላ የሚጠጣ ደረቅ ወይን (ስኳር የሌለው ማለት ነው) ደግሞ ይጎመዝዛል። በየመሐሉ ውኃ ይጎንጩ።

በር እንደተከፈተም ይግቡ። ሦስተኛውን እንግዳ እንደማዋራው ሦስት መቶኛውን አላዋራም። ወደ ማታ እግሬም ምላሴም አይታዘዝም፤ «ቀይ ነው» ብዬ ቀድቼ የምሸኝ ጊዜ አለ። ሽቶም ይቅርብዎ። ሽቶው የእርስዎን ብቻ ሳይሆን አጠገብዎ የቆመውን ሰው ብርጭቆም ይሸፍናል።

ያልቀመሱት ይቀርብኛል ብለው ደግሞ አይጨነቁ። ስዊዘርላንድ ውስጥ ቬቬ ላይ የሚደረገው የወይን ገበሬዎች በዓል በፈረንጆች አቆጣጠር ከ1797 ጀምሮ የተደረገው አሥራ ሁለት ጊዜ ብቻ ነው። የመጨረሻው በ2019 ነበር። እዚያ ያመለጠው ሃያ ዓመት ገደማ ይጠብቃል። የእርስዎ በየዓመቱ አለ።

ጓደኞቼ ብርጭቆውን አሽትተው «እንጆሪ፣ ቆዳ፣ የዝናብ አፈር» ይላሉ። እኔ የሚሸተኝ ወይን ነው። አፍንጫዬ ተበላሽቶ ይሆን? (ወይን ወይን የሚሸታት)

አፍንጫሽ ደህና ነው፤ የሌለሽ ልምዱ ብቻ ነው። እንጆሪ ለማለት እንጆሪን በደንብ አሽትተሽ ማስታወስ አለብሽ። ማን ያሸታል? በልተን ነው የምናልፈው።

አንድ ብርጭቆ ብቻ ይዘሽ አትፈተኚ። ሁለት ያዢና ተራ በተራ አሽቺ። «ይሄኛው ከዚያኛው ይለያል» ማለት ከቻልሽ በቂ ጅማሬ ነው። ከዚያ ደግሞ አፍንጫሽን በጣት ይዘሽ ተጎንጪና አፍሽ ውስጥ እያለ ልቀቂው። ድንገት ጣዕሙ ሲከፈት ታያለሽ። ጣዕም የምንለው አብዛኛው ሽታ ነውና። ብርጭቆሽም እስከ አፉ አይሞላ። ሲሶው ላይ ሲቆም ነው ማዞርና ማሽተት የሚቻለው።

ደግሞ የተሰማሽን ተናገሪ። አንድ ጊዜ አንዲት ሴት ጠረጴዛዬ ጋ መጥታ አሸተተች። ፊቷ ቅጭም አለ። «ይቅርታ አላውቅም እንጂ፣ የእርጥብ ካርቶን ሽታ ሸተተኝ» አለችኝ፤ አፍራ፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። ጠርሙሱን አነሳሁና አሸተትኩ። እውነቷን ነው! ቡሹ አበላሽቶታል። ቲሲኤ የሚባል ውህድ ነው፤ ሰው አይጎዳም፣ ወይኑን ግን ይገድለዋል። ከእሷ በፊት ከዚያው ጠርሙስ ለስንቱ ቀድቻለሁ። ሁሉም ራሳቸውን ነቅንቀው «አሪፍ ነው» ብለውኝ ሄደዋል። እኔ ራሴ ቀጂው ጠዋት ሳልቀምሰው ነው የከፈትኩት። እስከ ዛሬ ያሳፍረኛል።

መትፊያ ዕቃ ተቀምጦ አየሁ። ሰው ፊት መትፋት ነውር አይሆንም? (ይሉኝታ የያዘው)

ለጌጥ አልተቀመጠም። ቀጂውም አይቀየምዎትም፣ እንዲያውም የሚያውቅ ሰው መጣ ይላል። ትንሽ ልምምድ ግን ይጠይቃል፤ እቤትዎ መታጠቢያው ላይ በውኃ ይሞክሩት። ብቻ ስለተፉ አልጠጡም ማለት አይደለም። ጥቂቱ አልኮል ይገባል። መሪ አይያዙ።

ቀይ ወይን አይቀዘቅዝም ሲሉ እሰማለሁ። በዚህ ሙቀት ግን እንደ ሾርባ ነው የሚሆንብኝ። በረዶ ልጨምርበት? (ላብ በላብ)

ሾርባ መሆኑ እውነት ነው። «ቀይ በክፍል ሙቀት» የሚለው ነገር የመጣው ቀዝቃዛ ግድግዳ ከነበራቸው የድሮ ቤቶች ነው። ከበድ ላለ ቀይ ከ16 እስከ 18 ዲግሪ፣ ቀለል ላለው ከ12 እስከ 14 ይበቃዋል። 30 ዲግሪ ላይ ሲደርስ የፍሬው ጣዕም ይጠፋና አልኮሉ አፍንጫ ይወጋል።

በረዶውን ብርጭቆው ውስጥ ሳይሆን ባልዲው ውስጥ ያድርጉት። ከበረዶው ጋር ውኃ ይጨምሩ፤ ይሄን ብዙ ሰው አያውቀውም። በረዶ ብቻውን ጠርሙሱን የሚነካው እዚህም እዚያም ነው፣ ውኃው ግን ዙሪያውን ያቅፈዋል። ቀዩን ሩብ ሰዓት ካቆዩት ይበቃል። ብርጭቆ ውስጥ በረዶ የሚጨምር ሰው ካየሁ ግን አልቆጣም። ገንዘቡም አፉም የእሱ ነው።

ፌስቲቫሉ ግርግር ነው፤ ወይን እርሻው ድረስ ሄጄ መቅመስ እፈልጋለሁ። መቼ ይሻላል?

ለቀማ ከመጀመሩ በፊት። ለቀማ ከተጀመረ ባለቤቱ ቀና ብሎ አያይህም። ጥቂት ሳምንት ቀደም ብለህ ከሄድክ ግን ጊዜም አለው፣ ወሬም አለው። ዕድለኛ ከሆንክ ደግሞ አረንጓዴው ፍሬ ቀለም ሲቀይር ትደርሳለህ። አንድ ዘለላ ላይ አረንጓዴም ሐምራዊም ጎን ለጎን ታያለህ። ደውለህ ሂድ።

ከፌስቲቫሉ ሦስት ጠርሙስ ገዝቼ መኪና ውስጥ አስቀመጥኩና ሙዚቃ ላይ ቆየሁ። ስመለስ የሁለቱ ቡሽ ትንሽ ወደ ላይ ተገፍቷል። ተበላሹ? (የተቃጠለው)

ሳይሆን አይቀርም። ፀሐይ ላይ የቆመ መኪና ምድጃ ነው። ሲሞቅ ወይኑ ይሰፋና ቡሹን ይገፋዋል። ጣዕሙም የተቀቀለ ፍራፍሬ ይመስላል። ለሌላ ቀን አያስቀምጧቸው፣ ዛሬ ማታ ይክፈቷቸው። ሦስተኛውንም ጨምረው ጎን ለጎን ይቅመሱ። ከእኛ ጠረጴዛ ላይ እንዲህ ያለ ቅምሻ ማንም አያቀርብልዎትም።