ሀግዎኑ (የምታስተምርበት የኮሪያ የግል ማስጠኛ ተቋም) የስንብት ክፍያ አልሰጥም ካለህ

"ውልህ ላይ አልተጻፈም" ማለታቸው አያዋጣቸውም። በደቡብ ኮሪያ ሕግ፣ በሳምንት ቢያንስ 15 ሰዓት እየሠራህ አንድ ዓመት ከሞላህ የ30 ቀን አማካይ ደሞዝህን ማግኘት መብትህ ነው። ሥራ በለቀቅክ በ14 ቀን ውስጥ መክፈል አለባቸው።

ቀኑ ካለፈ፦

1. 1350 ደውል፤ የሠራተኛ ሚኒስቴሩ መስመር ነው።
2. ውልህን፣ የደሞዝ ወረቀቶችህንና የባንክ መግለጫህን ይዘህ በአካባቢህ ባለው የሚኒስቴሩ ቢሮ አቤቱታ አስገባ። ጠበቃ የግድ አይደለም።

አንድ ነገር ግን ልብ በል፤ በቃል አትከራከር። የእኔው ዳይሬክተር ቡና እየጋበዘ "በሚቀጥለው ወር" ሲለኝ ሦስት ወር አለፈ። ቡናውስ ጥሩ ነበር። በካካኦቶክ (የኮሪያ የመልእክት መተግበሪያ) ስጠይቀው ግን "አዎ፣ እከፍላለሁ" ብሎ ጻፈልኝ። የሚኒስቴሩ ተቆጣጣሪ ፊት ከውሉ ይልቅ የሠራልኝ ያቺ አንድ መስመር ናት።