«ተጠምጃለሁ» ያለ ሰው በሬ ነው እንዴ?

ጥያቄ፦ የምጽፍልዎት ከድሬዳዋ፣ ከሳቢያን ነው። ልጄ በደወልኩለት ቁጥር «ቢዚ ነኝ» ይለኛል። «በአማርኛ ተጠምጃለሁ አይባልም ወይ?» ብለው፣ «እማዬ፣ እኔ በሬ ነኝ እንዴ?» አለኝ። እውነት ቃሉ ለበሬ ብቻ ነው? ወጣቶቹ የሚሉት «ፈታ በይ»ስ? አባቴ ሂርና አካባቢ ገበሬ ነበር። ማታ ሲገባ «በሬ ፈታሁ» ይል የነበረው ትዝ አለኝ።

መልስ፦ እህቴ፣ ልጅዎ ግማሹን አግኝቶታል። ቃሉ በእርግጥ ከበሬ ጋር የኖረ ነው። ስድብ ግን የለበትም።

«ጠመደ» ማለት አያይዞ አሰረ ማለት ነው። በግዕዝ «ጸመደ» ይባላል። ከዚያው የወጣው «ጽሙድ» ደግሞ ራሱን ለአንድ አገልግሎት የሰጠ ሰው ነው። መነኩሴ በጸሎት ይጠመዳል። ስለዚህ ልጅዎ ከበሬው ጎን መነኩሴውንም ያስብ። ድሬዳዋ ውስጥ ዓረብኛ የሚሰማ ሰው አይጠፋም፤ ይጠይቁት። «ዲማድ» የቁስል ማሰሪያ ነው። የዚሁ ቃል ዘመድ ነው።

አማርኛው ከማሳ ሲወጣ ብዙ ቦታ ደርሷል። አዳኝ የሚያጠምደው «ወጥመድ» ከዚሁ ነው። ፈንጂም ይጠመዳል። «አለቃዬ ጠምዶኛል» ሲባል ፍቺው ወደ ወጥመዱ ያደላል። «በሥራ ተጠምጃለሁ» ሲባል ግን ወደ ቀንበሩ። ሰውየው የያዘው ነገር አለ፤ እስኪፈታ ድረስ ንቅንቅ አይልም። «ቢዚ ነኝ» ይህን ሁሉ አይነግረኝም። ለእኔ «ተጠምጃለሁ» ይበልጥብኛል።

አንድ ነገር እዚህ ላይ ላርም። ብዙ የከተማ ልጆች «ጥማድ» አንድ በሬ ይመስላቸዋል። ጥማድ ሁለት በሬ ነው። ሁለት ጥማድ ካሉ 4 በሬ ነው። የመሬት መለኪያም ነው፦ አንድ ጥማድ በሬ በአንድ ቀን የሚያርሰው መሬት። ከቦታ ቦታ ቢለያይም ወደ ሩብ ሄክታር ይጠጋል።

እኔ ሐረር ነው ያደግሁት። ክረምት ሲመጣ ግን ወደ አያቴ ቤት፣ ወደ ጨርጨር እንላክ ነበር። አያቴ ሞፈሩን በትከሻው ይዞ ሲወጣ እኔ ጅራፉን ይዤ እከተላለሁ። በሬዎቹ ቦራና ዳልቻ ይባሉ ነበር። ቦራ ሁሌ በቀኝ ነው። በግራ ከጠመዱት አይሄድም። ቀንበሩ ጫንቃቸው ላይ ያርፋል። በአንገታቸው ግራና ቀኝ የሚወርዱት እንጨቶች ማነቆ ይባላሉ። ቀንበሩን ከሞፈሩ የሚያያይዘው ጠፍር ምራን ነው። የዚያ ቆዳ ሽታ እስካሁን አፍንጫዬ ላይ አለ።

«ማነቆ» ሲባል ምን ትዝ አለዎት? ዜናው፣ አይደል? «የልማት ማነቆ»። ስንቱ ጋዜጠኛ ይህን ቃል በየቀኑ ይጠራዋል፤ እንጨቱን ያየው ግን ጥቂቱ ነው።

ከሁሉ የምወደው ግን «ቀንጃ» ነው። ከጥማዱ አንዱ በሬ ቀንጃ ይባላል። አንድ በሬ ብቻ ያለው ገበሬ በሞፈር ማረስ አይችልም። በሬ ጨርሶ የሌለው በእኛ አገር በዶንጎራ ይቆፍራል፤ ባለ አንዱ በሬ ግን ሌላ መላ አለው። እንደሱው አንድ በሬ ያለው ጎረቤት ይፈልጋል። ሁለቱን በሬዎች ያጣምዳሉ። ዛሬ የአንተን ማሳ፣ ነገ የእኔን። ይህ «መቀናጆ» ይባላል። አያቴ ዳልቻ የሞተበት ዓመት በመቀናጆ ነበር ያረሰው። ጎረቤቱ ተራውን አንድ ቀን እንኳ አላዛነፈበትም። ዛሬ በየስብሰባው «ሥራውን እናቀናጅ»፣ «ቅንጅት ይጎድለናል» ሲባል ስሰማ እነዚያ ሁለት ሰዎች ፊቴ ላይ ድቅን ይላሉ።

አሁን ወደ «ፈታ በይ» ልምጣ። «ረጋ አለ»፣ «ላላ አለ» እንደምንለው ነው፤ «ፈታ»ን ከ«አለ» ጋር አስኪዶ የተሠራ ነው። ማንኛውም የታሰረ ነገር ይፈታልና ከበሬ ብቻ መጣ አልልም። ግን ገበሬው ጋ «ጠመደ» እና «ፈታ» አብረው ነው የሚሄዱት። ጠዋት ይጠመዳል፣ ማታ ይፈታል። አባትዎ «በሬ ፈታሁ» ሲሉ እሳቸውም ቀኑን ከጫንቃቸው ማውረዳቸው ነው። ልጅዎ ማታ ከሥራ ወጥቶ «ፈታ ልበል» ሲል ሳያውቀው የአያቱን ቃል ነው የያዘው።

ሂርና የአባትዎ ቤት ካለ፣ ቀንበሩም ተርፎ ከሆነ፣ ልጅዎን ይዘውት ይሂዱ። ማነቆውን በእጁ ይንካው። ምራኑ ከየት ወዴት እንደሚታሰር እርስዎ ያሳዩት።