«ሕዝበ ውሳኔ» ወይስ «ውሳኔ ሕዝብ»?

ጥያቄ፦ ጅማ የምኖር የሕግ ተማሪ ነኝ። በአየርላንድ የመምረጫ ዕድሜን ዝቅ ስላደረገው ሕዝበ ውሳኔና እርሱን ተከትሎ ስለተነሣው የፍርድ ቤት ክርክር ጽሑፍ በማዘጋጅበት ጊዜ፣ ጓደኛዬ «ሕዝበ ውሳኔ» የሰዋስው ስሕተት ነው አለኝ። እውነት ነው? «የመምረጫ ዕድሜ ጣሪያ» ማለቴስ ያስኬዳል?

መልስ፦ ጓደኛዎ አልተሳሳተም። በግዕዝ ቋንቋ አናባቢ፣ ማለትም ሁለት ስሞች ሲናበቡ፣ ባለቤቱ (ዋናው ስም) ይቀድምና ሳድስ መድረሻውን ወደ መጀመሪያው ፊደል ወደ ግዕዝ ይለውጣል፤ ዘርፉም (የማን ወይም የምን መሆኑን የሚገልጸው ስም) ይከተለዋል። «ሕዝበ ክርስቲያን» የክርስቲያን ሕዝብ ማለት እንደሆነ ሁሉ «ሕዝበ ውሳኔ»ም በዚሁ ሥርዓት «የውሳኔ ሕዝብ» ይሆናል እንጂ የሕዝብ ውሳኔ አይሆንም። ቀናው «ውሳኔ ሕዝብ» ነበር፤ በኃምስ የሚጨርስ ስም ስለማይለወጥ «ውዳሴ ማርያም» እንላለን፤ «ማርያመ ውዳሴ» ያለ ሰው አልሰማሁም።

ቃሉ ራሱ ያማረ ነው። ከቀደሰ «ቅዳሴ»፣ ከወደሰ «ውዳሴ» እንደሚወጣ ከወሰነ «ውሳኔ» ይወጣል፤ ሥሩም የመሬት ድንበር ከምንልበት ከ«ወሰን» ጋር አንድ ነው። የአየርላንዱ ጉዳይም በእርግጥ የወሰን ክርክር ነበር፦ በፈረንጆች ታኅሣሥ 1972 ሕዝቡ ዕድሜውን ከ21 ወደ 18 ዝቅ ቢያደርግም፣ በየካቲት 1973 የተካሄደው ምርጫ በአሮጌው የመራጮች መዝገብ በመሆኑ ከ21 ዓመት በታች ያሉት ድምፅ ሳይሰጡ ቀሩ፤ አንድ ወጣት ያቀረበው ክስም ምርጫውን አላስቆመውም።

«ሕዝበ ውሳኔ»ን እንደ «ልበ ሙሉ»ና «ሆደ ሰፊ» ያለ የአማርኛ ጥምር ነው የሚሉ አሉ። አልቀበለውም፤ በእነዚያ ሁለተኛው ቃል ቅጽል ነው፣ ጥምሩም ባለጠባዩን ሰው ይገልጻል፤ «ውሳኔ» ግን ስም ነው። «እግረ መንገድ»ን ቢጠቅሱልኝ ትንሽ እንደሚያስቸግረኝ አልክድም፤ ጆሮዬ ግን እሺ አይልም።

ይሁን እንጂ ሕገ መንግሥቱ ራሱ «ሕዝበ ውሳኔ» ብሏል። በ2014 ዓ.ም. መስከረም ጎረቤቶቻችን ከፋና ዳውሮ የደቡብ ምዕራብን ክልል ለመመሥረት ድምፅ ሲሰጡም እዚህ ጅማ ከዚህ ሌላ የሚል አልነበረም። «ሕዝበ ውሳኔው» እየተባለ መስተአምሩ «ው» (ነገሩ የታወቀ መሆኑን የሚያመለክተው ቅጥያ) በመጨረሻው ላይ መቀጠሉም ተናጋሪው እንደ አንድ ቃል እንደያዘው ያሳያል። ስለዚህ፣ ደስ ሳይለኝም ቢሆን፣ በጽሑፍዎ «ሕዝበ ውሳኔ» ይበሉ፤ «ውሳኔ ሕዝብ» ቢሉ አንባቢው በባዶው ይደናገራል። «ሕዝባዊ ውሳኔ»ን ግን ይተዉት፤ እርሱ ሕዝብን የሚመለከት ማናቸውም ውሳኔ ሊሆን ይችላል።

በ«ጣሪያ» ግን አልላላም። በእኛ አገር በ1948ቱ ሕገ መንግሥት 21፣ በ1987ቱ አንቀጽ 38 ደግሞ 18 ዓመት የተባለው መነሻ ነው። ጣሪያ ቢሆን ኖሮ ድምፅ የሚሰጡት ልጆች ብቻ በሆኑ ነበር። «የመምረጫ ዕድሜ መነሻ» ብለው ያርሙት።